የመንግሥት ቀለም

ዳኛው ስሙ ነው እንጂ ዳኛ አልነበረም። ጎንደር ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ ካለች ቆርቆሮ ቤቱ እየተነሣ፥ ቀኑን ሙሉ ችሎት በር ላይ መዝገብ ሲገለብጥ የሚውል ጸሐፊ ነው። ሚስቱ ትርንጎ እሱን መናቅ የጀመረችበትን ቀን ለይታ ታውቀዋለች፤ የእኅቷን ልጅ ክርስትና አስነሥታ ከአዘዞ የተመለሰች ዕለት ነው።

ከመሄዷ በፊት ሁሉን አስባ ጨርሳ ነበር። አባቷ አያ ቢያዝን ደረታቸውን ብርድ ከመታቸው ሰንብቷል፤ መጪውን ክረምት እሷ ቤት እንዲከርሙ ድብ ባሕር ድረስ ስንት አማላጅ ልካ ነው እሺ ያሰኘቻቸው። ለሳቸው ስትል ከጠዳ መንገድ ቀይ አፈር አስመጥታ፥ በጭድና በእበት አቡክታ፥ አመድ እየጨመረች ጓዳው ግድግዳ ላይ ሞከረችው። መጀመሪያ የመረገችው እንደ ጉበት ጠቆረባት። ቀጥሎ ያለው ገረጣ። ሌላ ሞከረች፤ ሲደርቅ የተቆላ ገብስ መሰለ። በሱ ጓዳውን ጨረሰችና ሳሎኑን ስትመለስ ልትመርገው የተረፈውን ጭቃ ሸፍና ሄደች። ሳሎኑ ምድጃ ዳር ያለው መደብ ላይ አጎዛና የደባርቅ ባና ታነጥፋለች፤ አባቷ ሲመጡ እዚያ ጋደም ይላሉ፤ ሐሳቧ ይህ ነበር።

ስትመለስ ሳሎኗ የለም። ግድግዳው እስከ ደረት አረንጓዴ፥ ከዚያ በላይ ነጭ የዘይት ቀለም ተቀብቶ፥ መካከሉ በጥቁር መስመር ተለይቷል። መደቡ ፈርሶ በምትኩ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። ጭስ ቀለሙን ያበላሻል ተብሎ ምድጃውም ተደፍኗል። በሩ ትይዩ ጠረጴዛ፥ ጠረጴዛው ላይ ማኅተም የሌለው የማኅተም ቀለም።

“ምነው ዳኛው፥ ምን ሆነህ ነው?” አለችው።

“ጭቃ የባላገር ነው። ይህ የመንግሥት ቀለም ነው።”

ቀለሙን የሸጠለት ኸሊል እንኳ፥ ይህ ለእንጨትና ለብረት ነው፤ ጭቃ ይተነፍሳል፥ ዘይት አፍንጫውን ሲይዘው ያልበዋል፥ ብሎ መክሮት ኖሯል። ነጋዴ ስለ መሥሪያ ቤት ምን ያውቃል ብሎ ትቶታል። ጓዳውን ምነው ተውከው ብትለው ደግሞ፥ እንግዳ ለማያየው ቀለም አይባክንም አላት። ሰውዬው ራሱም እንደዚያው ነበር፤ ላዩን ቀለም፥ ውስጡን ለቄስ።

ትርንጎ አላለቀሰችም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የሚስቱን ቤት ላጠበ ባል ተረት ያልወጣለት፥ ተረት አውጪዎቹ ወንዶች ስለሆኑ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ባሏን የምታየው ስንጥቅ ገንቦ ውኃ ይይዛል እያለ የሚሸጥ ገበያተኛ እንደሚታይ ነበር። ጎረቤቷ ወለላ ወንፊት ልትዋስ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። ምን ሆንሽ ብትላት፥ “የመጣሁበትን ረሳሁት፤ የሚያስከስሰኝ ነገርስ የለኝም” አለች።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ አያ ቢያዝን ከጭነት ማኪና ወርደው በዝናብ ደረሱ። ከደጃፉ ወደ ውስጥ አዩና ቆሙ። ጋቢያቸውን አውርደው አደገደጉ፤ እጅ ነሥተው ገብተው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። በአንድ የድንበር ክስ ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው፥ ልቡ ሳያስታውስ እግሩ ያስታውሳል። ዳኛው ግን ክብሩ የሱ መስሎት ፊቱ በራ።

“ይቀመጡ እንጂ አያ ቢያዝን” አለ፥ ከጠረጴዛው ጀርባ ሳይነሣ።

ተቀመጡ። ግድግዳው የዝናቡን እርጥበት መጥጦ ያልበው ስለነበር ጀርባቸውን አራሰው። ሳሉ፥ ሳሉና ወደ ትርንጎ ዞሩ።

“ልጄ፥ የነገይቱ ማኪና ስንት ሰዓት ትነሣለች?”

“አባቴ፥ ሊከርሙ አይደል የመጡት?”

“እዚህ? እዚህ ሰባት ዓመት ከርሜያለሁ። የሚበቃኝ ይመስለኛል።”

ትርንጎ እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸውና ወደ ጓዳ መራቻቸው። ዳኛው፥ እንግዳ ጓዳ መግባቱ ነውር ነው፥ ሳሎኑስ ለማን ተሠራ፥ እያለ ተከተላት።

“ለመንግሥት” አለችው ሳትዞር። “እሱው ይደርበት።”

ጓዳው ውስጥ የወይራ ፍልጥ ይነድዳል። ሽማግሌው አጎዛው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የእሳቱን ሙቀት ይዞ ቆይቷል። ከዚያ ያደገደጉትን ጋቢ ቀስ ብለው ፈትተው ተከናነቡት።

“ይህስ ሸጋ ነው” አሉ። ስለ ማኪናዋ ዳግመኛ አልጠየቁም።

ትርንጎም መኝታዋን ወደ ጓዳ አዞረች። ሳሎኑ ውስጥ ዳኛው ብቻውን ተሰየመ። በፍልሰታ አረንጓዴው ቀለም ተነፋ፥ ከዚያም በቅርፊት በቅርፊት ይረግፍ ጀመር። እሱ ቅርፊቱን እየለቀመ በሙጫ ሊመልሰው ሲታገል ሰነበተ። አንድ ማክሰኞ ከመሥሪያ ቤት ተመልሶ፥ የራሰ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ፥ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጓዳው በር ላይ ቆመ። ገብቼ ልሙቅ ማለት ከበደው።

ትርንጎ እንዝርቷን ሳታቆም ቀና ብላ አየችው።

“ማመልከቻ ይዘሃል?” አለችው።

አያ ቢያዝን ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው፥ ከእሳቱ ዳር እግራቸውን ሰበሰቡለት።