ከግራቪሊያው ሥር የተሰጠ ውጤት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ መምህርት ምጎይ ደግሞ ሳትጠረጥር ውላ አታውቅም። ነጋዴ ሲመርቅላት ሚዛኑን ታያለች፤ ጎረቤት በጠዋት ፈገግ ብላ ሰላም ካለቻት ምን ልትለምነኝ ነው ትላለች። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ንያምቡ በሻይ ሰዓት ሁለት ትልልቅ ማንዳዚ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ በሳህን አድርገው በገዛ እጃቸው ሲያቀርቡላት ሳህኑን ትታ ፊታቸውን አጠናች።

«እንኳን ደስ ያለሽ ማዳም!» አሉ ንያምቡ። «በአካባቢያችን ካሉት አንደኛ ክፍሎች ሁሉ በንባብ የበለጠው ያንቺ ነው። የዛሬ ሳምንት ከናይሮቢ እንግዶች ይመጣሉ፤ ልጆችሽ ሲያነቡ ሊያዩ።»

«የኔ ልጆች?»

«የማን ይሁኑ ታዲያ? አሠልጣኙ የላከው ውጤት እኮ ነው!»

የገመሰችውን ማንዳዚ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ልጆቿ አያነቡም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ይወርዱታል እንጂ፣ ከመሀሉ አንዱን ቃል ነጥላ ሰሌዳ ላይ ብትጽፍላቸው የሚለየው የለም። ለነገሩ ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። ፊደሉን ከድምፁ፣ ድምፁን ከቃሉ እያያያዙ ማስተማር የሚባለው አዲስ ዘዴ ሲመጣ ወፍራም መምሪያ ተሰጣት፤ አብሯት ክፍል ገብቶ የሚያሳያት አሠልጣኝም ተመደበላት። ምዋዲሜ ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ በሞተር ጉሙን ሰንጥቆ ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ ካለው ግራቪሊያ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ታብሌቱን ይነካካል፣ ይሄዳል። ክፍሏን የረገጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እሷ ታማ ቤቷ ተኝታ ነበር።

ታዲያ አይቶት የማያውቀውን ክፍል ለምን አንደኛ አወጣው? ምጎይ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። የንያምቡ የእህት ልጅ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ ቁጭ ብላለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ከፍ አድርገው ሊሰቅሏት፣ በእንግዳ ፊት ሊጥሏት፣ ከዚያ ክፍሏን ለልጅቷ ሊሰጡ ነው። ይህ ክፍል ከሄደባት ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ከታይታ ተራራ አውርደው የትኛው ቆላ እንደሚጥሏት እግዜር ይወቀው።

ቀኑ ሐሙስ ነበርና ሻይዋን ትታ ወደ ግራቪሊያው ወረደች።

«ኦ፣ ማዳም! እንኳን ደስ…» አለ ምዋዲሜ ከድንጋዩ እየተነሳ።

«ደስታውን ተወው። የንያምቡ የእህት ልጅ ክፍሌን የምትረከበው መቼ ነው?»

«የምን የእህት ልጅ?»

«አታሞኘኝ! ጠላት እንኳ አይቶ ነው የሚያማው። አንተ ሳታይ ታሞግሳለህ። ማን ነው የላከህ?»

ምዋዲሜ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቀፈው። ከሷ በዕድሜ ብዙም የማያንስ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። «ማንም አልላከኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነበርኩ። ሞምባሳ ወስደው ጥቂት ቀን አሠለጠኑንና ይኼን አስታቀፉኝ። የስድስት ዓመት ልጅ አስተምሬ አላውቅም። እርስዎ የታመሙ ዕለት ገባሁ፤ አንድ ፊደል ጽፌ ዞር ስል ግማሾቹ በመስኮት ወጥተዋል። ከፊት የተቀመጠችው ትንሿ ልጅ ደግሞ፣ ‹አይዞዎት መምህር፣ እኛም አናውቀውም› አለችኝ።»

«ዋውዳ ናት» አለች ምጎይ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው።

«ከዚያ ወዲህ የክፍሉን በር ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። ጥሩ ውጤት ከሞላሁ ማንም ክፍልዎን ለማየት አይመጣም ብዬ ነው።»

አላመነችውም። ይህን የሚያህል ሰውዬ ሕፃን ፈርቶ? «እንግዲያው ና ግባ» አለችው። «አሁኑኑ!»

ገቡ። ምዋዲሜ መምሪያው እንደሚለው መጀመሪያ እኔ ልበል፣ ቀጥሎ አብረን እንበል፣ ከዚያ እናንተ በሉ እያለ ጀመረ፤ ጠመኔው በእጁ ላይ ተሰበረ፤ ልጆቹ ሳቁ። ምጎይ ቀማችውና ቀጠለች፤ እሷም ተደናገረች። ሁለቱ መምሪያው ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ ዋውዳ ከፊት ወንበር ሆና ድምፆቹን አንድ በአንድ ገጣጠመችና ‹ውሃ› የሚለውን ቃል በቋንቋዋ አወጣችው። ሁለቱም ቀና አሉ።

ሲወጡ ምዋዲሜ ጠጋ አላት። «እንግዶቹ የሚያስነብቡትን ገጽ ከቢሮ ላገኘው እችላለሁ። ብናስጠናቸውስ?»

አማራት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አማራት። ነገር ግን እሺ ካለች ገመዷን በገዛ እጇ ማስያዟ ነው፤ ነገ የሳበው ቀን ታንቃ ትቀራለች። «አልፈልግም» አለችው። ሐቀኝነት አይደለም ያዳናት፣ ጥርጣሬ ነው። «ልትረዳኝ ከሆነ ነገም ና።»

በማግስቱ መጣ፤ ከዚያም በኋላ ሳይቀር መጣ። እሷም በመጣ ቁጥር ምን ፈልጎ ይሆን እያለች አብራው ሠራች።

በሳምንቱ እንግዶቹ ገቡ። አለቃቸው የሆኑት ባለመነጽር ሴትዮ መጽሐፉን ዘግተው ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ዶሮዋ ውሃ ጠጣች የምትል። ዋውዳ ወጣች። የመጀመሪያውን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ሁለተኛውን ትንሽ ቆይታ አገኘችው፤ ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ደንግጣ ነው!» አሉ ንያምቡ።

«አንደኛ የወጣው ክፍል ይሄ ነው?» አሉ ሴትዮዋ፤ የሁሉም ዓይን ምጎይ ላይ አረፈ።

ምጎይ ምዋዲሜን አየችው። አሁን ነው የሚሸጣት። የምትመልስበትን ቃል ስታሰላስል ሰንብታለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀችው።

ምዋዲሜ ተነሳ። ላብ አጥምቆታል። «ውጤቱ ውሸት ነው» አለ። «መምህርቷ አታውቅም። ክፍል ሳልገባ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ አሁን ያነበበቻቸው ሁለት ቃላት ግን እውነት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከመጀመራችን በፊት አንድም አታነብም ነበር።»

ምጎይ ለመልስ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ትርፍ ሆነ፤ አፈረች። ሰው ሁሉ ወደ ምዋዲሜ ሲዞር ዋውዳን ተቀመጪ ያላት ስላልነበረ ጣቷ አሁንም ሦስተኛው ቃል ላይ ነው። «ጠጣች!» አለች በድንገት፤ የሰማት ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሞተር አልተሰማም። ምጎይ እያስተማረች በመስኮት አየች፤ ግራቪሊያው ሥር ድንጋዩ ባዶ ነው። «ድሮስ!» አለች በሆዷ።

በሩ ተንኳኳ። ምዋዲሜ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ቆሟል።

«ታብሌቱስ?»

«ወሰዱት።»

«ሞተሩስ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልገባ ነዋ» አለ።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ማን ልኮት ይሆን ብላ በትከሻው ላይ አሻግራ ግቢውን አየች። ማንም የለም። ከበሩ ገለል አለችለት።