ቁጭ ስትይ ጉድጓዱ ያድጋል

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች የሟቿ ታላቅ እህት፣ ከመታወቂያ ላይ ተነስቶ የጎላውን ፎቶ በሁለት እጇ ይዛ። «የኔ እህት እንዲህ ሆና አታውቅም። ግንባሯ ላይ ማህተም መትተው!»

ፎቶ አንሺው ባሏ አንገቱን አስግጎ አየው። ማህተሙ ከግራ ቅንድቧ ተነስቶ ፀጉሯ ውስጥ ገብቷል። ፊቷ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ይዞ እንደዋለ ሰው ኮስተር ብሏል። ሚስቱ እኮ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ፣ ያሳቃትን ነገር እስከ ማግስቱ ይዛ የምታድር ሴት ነበረች። ፎቶውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ደፋው።

ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተሞልቷል። የገባ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ይቀመጣል፤ ሻይ ይቀበላል፤ ከዚያ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ያንከራትታል። የሟቿን ፎቶ መፈለጉ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ያለው አንድ ባዶ ምስማር ብቻ።

«ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣» አለች ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ያንሾካሾከች መስሏት፣ «የሚስቱ ፎቶ የለውም አሉ። ጉድ እኮ ነው!»

ታላቅ እህት ሰማች። «የለውም» አለች ጮክ ብላ። «ጉድጓድ ግን አለው። ሃያ ሁለት ዓመት ያነሳው ጉድጓድ በካርቶን በካርቶን ሞልቶለታል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ነገ ሰው ይሰናበታል። ከዚያ በፊት የእህቴን ፎቶ እዚህ ምስማር ላይ ካላየሁ እኔና አንተ ሆድና ጀርባ ነን። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

የሰርጋቸው ፎቶ ነበር። በአደራ የተቀመጠው ግን እዚችው ታላቅ እህት ቤት ነበር፤ ጣሪያው አፍስሶ ውሃ በላው። ጨዋ ሰው ነውና ይህን አላነሳባትም።

ከጓሮ ወዳለችው ፎቶ ማጠቢያ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ቀዩን አምፖል አበራ። የሳሎኑ ድምፅ በበሩ ስር እየተንፏቀቀ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ። ዓይኑን ሲጨፍን ጉድጓዱ ካለበት በረሃ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ ነፋስም እንዲሁ ነበር የሚያጉረመርመው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይዞርና ሰው ያወራ ይመስላል።

ያ ጉድጓድ! ማንም ሰው ባልነበረበት ዘመን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ መትቶ የከፈተው ነው። በአንዱ ጠርዝ ቆሞ ሌላውን ጠርዝ ያየ ሰው፣ የሚያየው መሬት ይሁን ደመና ለጊዜው አይለይም። መጀመሪያ ያነሳውን ፎቶ ያሳየው የድንጋይ ሐኪም ለሚሏቸው ለሽማግሌው ጂኦሎጂስት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት።

«ይሄ አመድ የተደፋበት ሳህን ነው እንዴ?» አሉት። «ትልቅነቱ በምን ይታወቃል? ሰው አቁምበት እንጂ!»

ወደ በረሃው ሲመለስ «እኔ ልውረድ» አለች ሚስቱ። አብራው የመጣችው ውሃ ልታቀብል ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ወረደች። ነጭ ሻርፗ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የስኳር ቅንጣት አከለ። የሚያነሳበት ትልቅ ካሜራ መስታወት ዓለምን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ ሲያያት፣ አሸዋው ጣሪያ ሆኖ፣ ሰማዩ ከስር ተዘርግቶ፣ እሷ መሀል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነበር። የምትወድቅ መስሎት የካሜራውን እግር ጨበጠ። አንስቶ ሲጨርስ ቀይ ጨርቅ አውለበለበላት፤ ያኔ መመለስ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ያለሷ ያነሳው ጉድጓድ የለም። በየወቅቱ ይሄዱ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ፣ አሸዋው ሲገፋ፣ ጠርዙ ሲናድ። የጉድጓዱ ጥልቀት በእሷ ቁመት ይለካል። የድንጋይ ሐኪሙ «ሜትር» ብለው ስም አወጡላት፤ «ሜትር ደህና ናት? ሜትር አላጠረችም?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አትለቃቸውም። «የሰው ባል ለሚስቱ ወርቅ ይገዛል፣ የኔው ጉድጓድ ይለካብኛል» ብላ ትስቃለች። አንድ ሕግ ብቻ ነበረባት፤ አለመቀመጥ። ከተቀመጠች ቁመቷ በግማሽ ያንሳል፣ ጉድጓዱ በስሌት እጥፍ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ካሜራ ካዞረባት ግን ፊቷን በመዳፏ ትሸፍናለች። «አንተ ሰውዬ፣ ፊልም አትጨርስ፤ ጉድጓዱን አንሳ። እኔ የትም አልሄድም።»

አመናት። ምን ያድርግ፣ አመናት።

አሁን ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ ማጉያው ውስጥ ከተተ። ሁሉም ላይ አለች፤ ሁሉም ላይ ፊት የላትም። ባጎላት ቁጥር ትበተናለች። ነጩ ሻርፕ መጀመሪያ ነጥብ ነው፣ ከዚያ ጉም፣ ከዚያ የፊልሙ ብናኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ብናኝ እና የበረሃው አሸዋ ተቀላቀሉበት። «ኧረ ባክሽ» አለ ጮክ ብሎ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ቅረቢ።»

ካርቶኖቹ አለቁ። ከስር አንድ ፖስታ ቀረ። በራሱ እጅ ጽሕፈት «የተበላሸ» ይላል። የመጨረሻው ጉዟቸው ነው፤ ገና አራት ወሩ። ከፈተውና ብርሃን ላይ ያዘው።

ተቀምጣለች።

ያን ቀን መስታወቱ ላይ ያጠረች መስሎት አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ አያት። ቁጭ ብላለች። የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ገፍፎ አውለበለበ፤ ተነሽ ሲል። አልተነሳችም። ብርሃኑ እያመለጠው ስለነበር እየተነጫነጨ አነሳት። ያቺን ዳገት በሁለት ሰዓት አልጨረሰችውም፤ እየቆመች፣ እየቆመች ነው የወጣችው።

«ለምን ቁጭ አልሽ? ቁጭ ስትይ ጉድጓዱ እንደሚያድግ ጠፍቶሽ ነው?»

«ትንሽ ይደግ ብዬ ነው» አለች፤ ሳቀች። ትከሻዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። እጇ ደረቷ ላይ ነበር፤ እሱ ሻርፗን የያዘች መስሎት ነበር። አኩርፏት ቤት እስኪገቡ አንድ ቃል አልተናገራትም። የሆስፒታል ሐኪሞች «ልቧ ነው፤ ሕመሙ ከጀመራት ቆይቷል» ያሉት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔም ያን ቀን መቀመጧን ከሕመሙ ጋር አላገናኘውም።

ቀዩ አምፖል ስር ተንበረከከ። ከሞተች ጀምሮ ሰው ፊት እንባ እምቢ ብሎት ነበር፤ አሁን እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ፎቶ የአንድ ክንድ ተኩል ስፋት ነበረው። እንግዶቹ አዩት፤ እርስ በርስ ተያዩ። ታላቅ እህት ደሟ ፈላ።

«አሁንም ጉድጓድ? በለቅሶዋ ቀን እንኳ?»

የድንጋይ ሐኪሙ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። ስንት ዓመት ያዩት ጉድጓድ ነው፤ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ቆባቸውን አወለቁ።

«ሜትር ተቀምጣለች» አሉ። «ይሄን አላሳየኸኝም።»

«ተበላሽቷል ብዬ ደብቄው ነው።» ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገረው። «አሟት ነበር የተቀመጠችው። እኔ ተቆጣኋት። አኮረፍኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ አቁሜያት፣ አንድ ቀን ብትቀመጥ ተቆጣኋት።»

 ልብስ ሰፊዋ አቀረቀረች።  ስድብ ተሰናድቶ የታላቅ እህት አፍ ላይ እንደነበር ያስታውቃል፤ ዋጠችው። ተነስታ ፎቶው ፊት ቆመች።

«የታለች?»

ጣቷን ይዞ መራት፤ በጠርዙ አውርዶ፣ ናዳውን አሳልፎ፣ ሜዳው መሀል ላይ አቆመላት። ነጭ ቅንጣት። ሴትዮዋ ጣቷን አነሳች፤ መልሳ አሳረፈች።

«ትንሽዬ» አለች። «ስትወለድም እንዲሁ ነበረች።»

ወንበሯን ጎትታ ፎቶው ስር ተቀመጠች። እንግዶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ «የት ጋ ናት?» ሲሉ የምታሳየው እሷ ሆነች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ዞራ ገባች። ግድግዳውን ቀስ ብላ ያዘችው፤ የጉድጓዱን ጠርዝ አለፈች፣ ወደ ሜዳው ወረደች። ፎቶ አንሺው ከሰው ጋር እያወራ ነበር። ፀሐይዋ ልትደርስባት ስትል ያየው ያኔ ነው። የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ብድግ አለና ሄዶ መዳፉን ከነጯ ቅንጣት በላይ ዘረጋ። ጥላው አረፈባት። እንግዶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሱ ቆሞ ቀረ።

«እጅህን አውርድ፣ ይዝልብሃል» አለች ታላቅ እህት። ድምፏ ውስጥ የትናንቱ ቁጣ የለም። ተነሳችና መጋረጃውን ሳበችው፤ ክፍሉ ደብዘዝ አለ።

እሱ ግን እጁን አላወረደም።