ከእናታቸው ቀሚስ

ዝናሽ ሚያዝያ ላይ ካረፈች በኋላ ባለቤቷ ፈንታሁን ሁለቱን ልጆች ለብቻው ሊያሳድግ ሞከረ። ፈንታሁን የግብርና ባለሙያ ነው፤ የሚሠራውም ጉና ተራራ ግርጌ ባለ ቀበሌ ነው። ሰኞ ማለዳ ከደብረ ታቦር ይወጣል፣ መኪናው ካደረሰው በኋላ በእግሩ ሽቅብ ይጓዛል፣ የሚመለሰው ዓርብ ነው። በመካከሉ ርብቃንና ፋሲልን የምትይዝለት ጎረቤቱ አበበች ነበረች። ነሐሴ ላይ ግን እናቷ ታመውባት ወደ እብናት ሄደች። የሚይዘው የሚጨብጠው ሲጠፋው ባሕር ዳር ያለችው እህቱ አመተማርያም ደወለች።

«ትምህርት ሳይጀመር አምጣቸው፤ ከኔ ልጆች ጋር ይማራሉ» አለችው።

እስከ መቼ ብሎ ሊጠይቃት አሰበና ተወው።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የልጆቹን ልብስ በሻንጣ ሲከት ቁም ሣጥኑ ሥር የዝናሽን ቢጫ ቀሚስ አገኘ። ሌላው ልብሷ ከአርባዋ በኋላ ለነዳያን ተሰጥቷል። ይቺኛዋ ብብቷ ሥር የተቀደደች፣ ዘይት የነጠበባት የጓዳ ልብስ ስለሆነች ለሰው ትሰጥ ያለ አልነበረም።

«እኔ ነኝ የምወስዳት» አለች ርብቃ፤ ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት።

«እኔ!» አለ ታናሽ ወንድሟ ፋሲል፣ የቀሚሱን ጫፍ ይዞ እየጎተተ።

«ለሁለታችሁም ይደርሳል» አለ ፈንታሁንና መቀስ አንስቶ ከታች ጀምሮ ቀደደው።

ርብቃ ጮኸች። «ለምን ቀደድከው? ልብስ ነበር እኮ! አሁን ጨርቅ አደረግከው!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ፈንታሁን መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ዝናሽ ብትኖር ምን እንደምትላት ታውቅ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ፋሲል ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ይዞ መጣ። «አባ፣ መኪና እንሥራ። እማዬን እናሳፍርባታለን።»

አባትና ልጅ መሬት ተቀመጡ። ፈንታሁን የለስላሳ ቆርኪዎች በሚስማር እየበሳ ጎማ ሊያደርጋቸው ቢሞክር አንዱ ሲገባ ሌላው ይወልቃል። ከቢጫው ጨርቅ ቆርጦ መቀመጫ አነጠፈላት። መኪናዋ ወደ አንድ ጎኗ ዘመመች፤ ፋሲል ግን ደስ ብሎታል።

«እንደዚያ አይደለም» አለ ከአልጋው ላይ አንድ ድምፅ። ርብቃ ዞራ ስታያቸው ቆይታለች። «ቲቸር ጥሩወርቅ ስታሳየን መጀመሪያ ሽቦ ነው የሚገባው።»

ወርዳ ሽቦውን አስገባች። ጎማዎቹ ዞሩ። ከዚያ ለራሷ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። እጀታው የተሰበረ የእንጨት ማማሰያ ከጓዳ አመጣች፤ ከዘይት ጀሪካን ላይ ሁለት እጅ ቆርጣ አሰረችለት፤ ከጥቁር ፌስታል ጸጉር ጎነጎነች። የተቀደደውን ቀሚስ በልኳ ሰፍታ አለበሰቻት። በመጨረሻ እስክሪብቶ አነሳች።

«ስትስቅ አድርገሽ ፊቷን ሳዪ» አለ ፋሲል።

ርብቃ እስክሪብቶውን ከእንጨቱ አጠገብ አድርሳ ቆመች። «አባ፣ ስትስቅ እንዴት ነበረች?»

ፈንታሁን ለማስታወስ ሞከረ። ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የሆስፒታሉ አልጋና የደረቀ ከንፈሯ ብቻ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ ሳቋን አጣው።

«ቆይ... አሁን ይመጣልኛል» አለ።

ልጅቱ ትንሽ ጠበቀችው። ኋላ እስክሪብቶውን ከደነች። «ይቅር፣ ፊት አይሳልባት። እኔ አውቃታለሁ።»

ሲጨርሱ ቀና ብላ አየችው። «ላንተስ ምን እንሥራልህ?»

«እኔ ቤቱ አለኝ» አላት።

ርብቃ ዙሪያዋን አየች።

በማግስቱ ባሕር ዳር አደረሳቸው። ሊመለስ ሲነሣ ፋሲል ከአክስቱ ልጆች ጋር መኪናዋን በገመድ እየጎተተ ስለነበር አላየውም። ርብቃ እስከ በሩ ሸኘችው።

«ዓርብ ትመጣለህ?»

«መንገዱ ካልተበላሸ፣ በየሁለት ሳምንቱ።»

«እሺ» አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው።

መስከረም ላይ ከጉና ግርጌ ስልክ የሚሠራበት አንድ ከፍታ ፈልጎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ደወለላቸው። ፋሲል ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ጨዋታው ሮጠ። ርብቃ ስልኩን ተቀበለች።

«አባ፣ አሻንጉሊቷ እማዬን እማዬን መሽተት ተወች።»

«እንዴት?»

«አክስቴ ቆሽሻለች ብላ ቀሚሷን አጠበችው። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። አልተቆጣሁም።»

«ጎበዝ ልጅ» አለ። ሌላ ቃል ሲፈልግ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሞ ቢሞክርም አልገባለትም። ከገብስ ማሳው ማዶ አንድ ገበሬ በጎቹን እየጠራ ነበር፤ ፈንታሁን ስልኩን ኪሱ ከቶ ሰውዬው እስኪርቅ ድረስ ቁሞ አየው።

ወደ ከተማ ለመዛወር ማመልከቻ አስገባ፤ ጠብቅ ተባለ። ልጆቹም እዚያው ትምህርት ጀመሩ፤ ፋሲል አክስቱን አልፎ አልፎ «እማ» እንደሚላት አመተማርያም በስልክ ነገረችው፤ ስትነግረው ድምፅዋ ፈራ ተባ ይል ነበር። «ተይው፣ ይበልሽ» አላት።

ልጆቹ ዘንድ ሊሄድ በማይችልበት አንድ ዓርብ ደብረ ታቦር ገብቶ በሩን ከፈተ። ገበሬዎቹ የሰጡትን ድንች አጥቦ እሳት ላይ ጣደ። ሲበስል ሳህን ላይ ገለበጠውና አየው፤ ለሦስት ሰው ነበር የቀቀለው። ጥቂቱን ልጦ በላ። የቀረውን በሳህን ከደነና መብራቱን ሳያጠፋ ተቀመጠ።