የምድጃው ሂሳብ

ጥፊው ሲያርፍበት ዋቅቶላ ከነወንበሩ ተገለበጠ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ከበበው አጠገቡ ቁጢጥ አለና ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አፍንጫው ሥር ደቀነበት።

"አርባ አራት ማነው?"

"ሰው አይደለም ጓድ። የምድጃ ሽቦ ነው።"

"አንድ ሺህ አንድ መቶስ? ጥይት ነው?"

"ዋት ነው፤ የምድጃው ጉልበት። እኔው ነኝ የጻፍኩት።"

ከበበው ተነስቶ ጎኑን በከስክስ ጫማ ረገጠው። "ላም ባልዋለበት ኩበት አታስለቅመኝ!"

ጊዜው አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ሰሞን የጎፋ ሰው ጠዋት ሥራ ሲሄድ መንገድ ዳር የተጣለውን ሬሳ እያየ፣ እንዳላየ እየሆነ ነበር የሚያልፈው። ምን ያድርግ! ዋቅቶላ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው። ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የኤሌክትሪክ ምድጃ እየጠገነ ያድራል። ድሮ ሽቦውን በግምት ነበር የሚጠመጥመው፤ አንዱ ምድጃ በሳምንቱ ይቃጠላል፣ ሌላው ውሃ እንኳ አያፈላም። ሂሳቡን ያስተማረው የሚስቱ የቡዜ ወንድም፣ ነጋ ነው።

ነጋን ቀበሌው ይፈልገዋል። ሰው ሁሉ ወደ ጅማ ኮብልሏል ነው የሚለው። እሱ ግን አራት ወር ሙሉ እዚያው ዋቅቶላ ቤት፣ ኮርኒሱ ላይ ተጋድሟል። እዚያ ሆኖ አእምሮው እንዳይዝግ ዋቅቶላ የሚያመጣቸውን ምድጃዎች ያሰላለታል። "ጋሼ፣ ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት የሽቦውን እንቢታ፣ መብራቱን የሚገታበትን ልክ፣ ያገኛሉ፤ ሲያባዙት ጉልበቱን" እያለ ያንሾካሹካል። ከዚያ ወረቀቱን በቀዳዳው ቁልቁል ይለቃል። ዋቅቶላ አንብቦ ያቃጥለዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ምድጃውን ለባለቤቱ ለማድረስ ሲጣደፍ ወረቀቱን ረስቶ የመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። መንገድ ላይ ጥበቃዎች አስቁመው ሲፈትሹት ተገኘና ከነምድጃው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰዱት።

"እሺ፣ ምድጃውም ይኸው፣ መለኪያህም ይኸው" አለ ከበበው። "በወረቀቱ መሠረት ስንት መቁጠር አለበት?"

"አምስት አምፔር።"

"አምስት ካልቆጠረ ቡዜ ሬሳህን ከበሩ ላይ ትለቅማለች።"

ዋቅቶላ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። መለኪያውን አገናኝቶ መሰኪያውን ግድግዳው ላይ ሰካ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ወጣች፣ ወጣችና አራት ላይ ቀጥ አለች።

በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሂርጳ፣ የላፍቶ አብሮ አደጉ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ከበበው ሽጉጡን አዙሮ በእጀታው የዋቅቶላን አፍ መታ። አንድ ጥርስ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጠር አለ።

"ቮልቱን!" አለ ዋቅቶላ በደም ውስጥ። "ቮልቱን ልለካው ጓድ! ከዚያ ግደለኝ!"

ከበበው ሽጉጡን ግንባሩ ላይ እንደደገነበት ዋቅቶላ ለካ። መቶ ሰባ ስድስት። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ይንገጫገጫል።

"ወፍጮው ነው ጓድ! መብራቱን እየጠጣው ነው። ሁለት መቶ ሃያ መሆን የነበረበት ወርዶ ነው። መቶ ሰባ ስድስትን ለአራት ብታካፍለው ያው አርባ አራት ነው። ሽቦው አልተለወጠም፣ የሚደርሰው ነው ያነሰው። ጉልበቱም ለዚህ ነው ሰባት መቶ አራት ላይ የቀረው። ወፍጮው ይቁምና አምስት ካልሞላ የፈለግከውን አድርገኝ።"

"እውነቱን ነው ጓድ" አለ ሂርጳ ፈራ ተባ እያለ። "ወፍጮው ሲነሳ የኔም ቤት አምፖል ከኩራዝ አይሻልም።"

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሂድና አስቁመው!"

ሂርጳ ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ ወፍጮው አቃስቶ ዝም አለ፤ እህል ያስፈጩ የነበሩ ሴቶች ሲንጫጩ ተሰማ። የወፍጮው ድምፅ ሸፍኖት የነበረው ከጓዳው የሚመጣው ሲቃም ጠርቶ ተሰማ፤ ውስጥ እግሩን የሚገረፍ ሰው ነበር። መርፌዋ ከአራት ተነሳች። ወጣች፣ ወጣች፣ አምስት ላይ አረፈች። ሽቦው ፍም መሰለ።

ከበበው ሳቀ። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አንተ ሰውዬ፣ ለካ ምሁር ነህ!"

ዋቅቶላ እንባው መጣ። ነፍሱ መለስ ልትል ስትል ከበበው ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈና በጣቱ ዳበሳት።

"ጽሕፈትህ ደግሞ ሲያምር! አራተኛ ክፍል ነው ያልከኝ?" እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ አጠገቧ አኖረ። "በል፣ ይህንኑ ድገመው። ከገጠመ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ካልገጠመ ሁላችንም ወደ ቤትህ እንሄዳለን።"

ዋቅቶላ እስክሪብቶውን አየ። የሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው፤ የነጋ ግን የታተመ ይመስላል። ይህን ሰዓት ቡዜ ወንበር ላይ ቆማ ለወንድሟ ምሳ ታቀብላለች። ቀጥሎ ቀኝ እጁን አየ። ሽቦ የሚጠመጥመው፣ ቤቱን የሚያበላው፣ የሚጽፈውም እሱ ነው።

"እሺ ጓድ" አለ። "ብቻ ምድጃውን ልንቀለው፤ ጠረጴዛውን ያቃጥለዋል።"

"ንቀለው።"

በግራ እጁ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለ፤ መብራቱ ይገድላል፣ እሳቱ ግን የሚወስደው እጅ ብቻ ነው። ሽቦው ገና እንደቀላ ነበር። ዋቅቶላ እግሩ እንደከዳው ሰው ወደፊት ተንገዳገደና ቀኝ መዳፉን እላዩ ላይ ጣለ፤ የሰውነቱንም ክብደት ጨመረበት።