የጎን ነፋስ

አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ዱብ ሲል የኮሎኔሉ ባለቤት የባላቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«ምን ሆነች?» አሉ።

ሌላው ተሳፋሪ የተጨነቀው ለአውሮፕላኑ ነው፤ እሳቸው የጠየቁት ስለ ልጃቸው ነበር። ከፊተኛው በር ጀርባ መሪውን የያዘችው የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ባልና ሚስቱ የሚጓዙት ታላቋን ልጃቸውን አራስ ቤት ሊጠይቁ ነው።

«ምንም አልሆነችም፤ ነፋስ ነው» አሉ ኮሎኔሉ።

ነፋሱን ግን አልወደዱትም። ከጎን ነው የሚመታው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተዋጊ ጀት ሲያበሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ዓይናቸውን ጨፍነውም ያውቁታል። ማኮብኮቢያውን አንዴ ካዩ ሳያርፉ መልሰው ስለማይነሱ ጓደኞቻቸው «በአንዴ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ስሙን ይወዱታል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጅቷ ልታርፍ ጥቂት ሲቀራት በነፋስ ምክንያት መልሳ መነሳቷን ስታወራ፣ «እኔ ብሆን ቁጭ አደርገው ነበር» ብለው ሳቁባት። ወንድሞቿም ከአባታቸው ተቀብለው «ተመላሽ» አሏት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምሳዋን ግን ሳትጨርስ ተነሳች።

አሁን ያ ሳቅ ቆጫቸው። አባቷ ከኋላዋ መቀመጣቸውን ታውቃለች። ዛሬ እልህ ከያዛትስ?

ጎማው ሲወርድ ከእግራቸው ሥር ጓ አለ። ኮሎኔሉ ከፊታቸው ቀበቶዋን አስራ የተቀመጠችውን አስተናጋጅ ጠሯት።

«ለካፒቴኗ አንድ ቃል ንገሪልኝ። አባትሽ ካልተመቸሽ ተመለሺ ብሎሻል በያት።»

አስተናጋጇ በዚህ ሰዓት ወደ ውስጥ እንደማይደወል በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም አላጡትም፤ በዚያ ሰዓት ጆሯቸው ላይ ያንሾካሾከን ሰው እሳቸውም አይምሩትም ነበር። አፍረው እጃቸውን ሰበሰቡ።

መሬቱ ከደመናው ሥር ብቅ አለ። ክንፉ ዘነበለ፣ ተቃና፣ መልሶ ዘነበለ።

«ተይው» አሉ በለሆሳስ። «ተይው የኔ እናት።»

ሳሩ ቀረበ። የማኮብኮቢያው ነጭ መስመር መታየት ካለበት ቦታ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ታያቸው።

በዚህ መሐል ሞተሮቹ አጓሩ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀና አለ፤ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ጋር ተለጠፈ። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ የባላቸው ፊት ላብ በላብ ሆኗል።

«አለቀልን?»

«ኧረ አወጣችን» አሉ ኮሎኔሉ።

ሌላ ከተማ አረፉ። የቸኮለ በአውቶቡስ እንዲሄድ፣ ነፋሱ እስኪበርድ የሚጠብቅም እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ እንዲቆይ ተነገረ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ሻንጣውን አወረደ። አንዱ ባለ ከረባት፣ ማሳረፍ ካልቻለች ለምን ታስነሳለች እያለ ወረደ። ባለቤታቸውም ቦርሳቸውን አንስተዋል።

«ያቺኛዋ አራስ ናት፣ በር በሩን እያየች ነው። እኔም ብሆን ዛሬ መሬት ይሻለኛል።»

ልጅቷ ተሳፋሪውን ሸኝታ ስታበቃ ወደ እነሱ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። አባቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«አባዬ፣ በአውቶቡሱ ብትሄዱ ይሻላል። መቼ እንደምንነሳ እንጃ።»

«ለእኛ ብለሽ እንዳትቸኩዪ። ነገም ቢሆን ነገ ነው።»

«ደግሞ ሳላርፍ ብመለስስ?»

«አብረን እንመለሳለና።»

ከዚያ ኮሎኔሉ ተነሱና የባለቤታቸውን ቦርሳ ከእጃቸው ተቀብለው ወደ ላይኛው መደርደሪያ መለሱት።