የእንጀራ እናት የሌለችበት መጽሐፍ

ቀመሪያ በከርን ያገባችው አምና ከረመዳን በኋላ ነው። በከር ጌጃ ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲስቅ ግን ከልቡ የሚስቅ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ራኒያ የምትባል አንዲት ልጅ ትታለት ነው የሄደችው። ቀመሪያ የስፌት መኪናዋን አስጭና ልደታ ኮንዶሚኒየም ስትገባ በሩን የከፈተችላት ራኒያ ነበረች። "እንኳን ደህና መጡ" አለቻት፣ ሻንጣዋን ተቀበለቻት፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላቸው አንድም ጠብ አልነበረም። አንዳንዴ ቀመሪያ ጠብ ቢኖር ይሻለኝ ነበር ትላለች በልቧ። ልጅቷ የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የበላችበትን ሰሃን ታጥባለች፣ "እትዬ" እያለች ትጠራታለች፣ "እርስዎ" ትላታለች፤ ልክ ከታች ፎቅ እንዳሉት ጎረቤት።

ራኒያ ማንበብ ትወዳለች። በረንዳ ላይ ታነባለች፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ታነባለች፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ተቀምጣ ታነባለች። ቀመሪያ ስትመጣ ግን መጽሐፉን ባዮሎጂ መማሪያዋ ሥር ትሸሽገዋለች። መጀመሪያ ቀመሪያ ልብ አላለችውም ነበር። በኋላ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት መምህርት ተነሥታ፣ "ተማሪዎች እጅ ላይ እየዞሩ ያሉ መጻሕፍት አሉ፤ ሽፋናቸው ላይ ልዕልትና ፈረስ ታያላችሁ፣ ውስጣቸው ግን ለልጅ የማይሆን ነገር ነው" ስትል፣ ልቧ ድንግጥ አለ።

ማታ ለበከር ነገረችው።

"ማንበብ ደግሞ ምን ክፋት አለው?" አላት እየጎረሰ።

"የምታነበውን ሳናውቅ?"

"እንግዲያው አንቺ እዪላታ።"

እሱ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። ቀመሪያ ግን መጽሐፉን ከልጅቷ እጅ መንጠቅ አልደፈረችም። "እርስዎን ምን አገባዎት?" የምትላት መሰላት። ራኒያ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ቀመሪያ ስታስበው እንኳን ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል። ስለዚህ ሌላ መላ አሰበች። መጥፎውን ከምነጥቃት ጥሩውን ላምጣላት አለች።

ሜክሲኮ፣ ከባቡሩ ፌርማታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ መጽሐፍ ቤት አለች። ባለቤቷ ኑኃሚን የምትባል ወጣት ናት። ለልጅ መጽሐፍ መምረጥ ታውቅበታለች እየተባለ በሰፈሩ እናቶች ዘንድ ስሟ ይነሣል። ቀመሪያ ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች።

"ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር" አለች። "ንጹህ የሆነ።"

"ንጹህ ሲሉ?"

የቀመሪያ ፊት ጋለ። "ያው... ነውር የሌለበት። የመኝታ ቤት ወሬ የሌለበት።"

ኑኃሚን ፈገግ አለች፤ የፌዝ ፈገግታ ግን አልነበረም። "ገባኝ። ሲሳሳሙስ?"

"እሱም ይቅር።"

"ጂኒና ጠንቋይስ? ምትሃት ያለበትን የማይወዱ ወላጆች አሉ።"

ቀመሪያ አሰብ አደረገች። "ተረት አይደል? ክፉው ክፉ ከተባለ፣ ደጉም ደግ ከተባለ ግድ የለኝም።"

"ሞትስ?"

"ሞትን ታውቀዋለች" አለች ቀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኑኃሚን ወደ መደርደሪያዎቹ ዞረች። "ልጅቷ ምን ዓይነት ነገር ነው የምትወደው?"

ቀመሪያን አንድ ቤት ውስጥ ዓመት አብራት ኖራ ይህን አለማወቋ አሳፈራት። ከዚያ ቀስ እያለ አንዳንድ ነገር ትዝ ይላት ጀመር። "ዝናብ ሲመጣ መስኮት ትከፍታለች እንጂ አትዘጋም። አባቷ ስለ ጅብ ሲያወራ የያዘችውን ሥራ ትታ ታዳምጣለች። ሰው ሲበደል ደግሞ አትችልም፤ ፊልምም ቢሆን ተነሥታ ትሄዳለች።"

"ይሄማ ይበቃኛል" አለች ኑኃሚን። መሰላሉ ላይ ወጥታ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ አወረደች። "የጥላ ወፍጮ" ይላል። "የድሮ ተረት ነው፣ ደራሲዋ እንደገና በአዲስ መልክ የጻፈችው። አንዲት ልጅ የሰው ጥላ ወደሚፈጭ ወፍጮ ትላካለች። ያስፈራል፣ ግን አንድም የሚያሳፍር መስመር የለበትም።"

ቀመሪያ መጽሐፉን ወዲያው ለራኒያ አልሰጠችም። አስቀድማ ራሷ ልታየው ፈለገች። በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በምሳ ሰዓት ጥግ ይዛ ጀመረችው። ተማሪ ቤት ከተወች ወዲህ ልብ ወለድ ይዛ አታውቅም። ነገሩን ለማጣራት ብላ የጀመረችው ሰው ሳታስበው ጭልጥ ብላ ገባችበት። የወፍጮው ጅቦች በጨለማ እንደ ሰው ሲሳሳቁ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ከዚያ የእንጀራ እናቲቱ መጣች።

መጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳን የላትም። ልጅቷን ወደ ወፍጮው የምትልካት እሷ ናት። የሞተችውን እናት ነጠላ ቀድዳ የወለል መወልወያ ታደርገዋለች። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ልጅቷ ስታለቅስ፣ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ እያዳመጠች ደስ ይላታል። ቀመሪያ እዚህ ስትደርስ መጽሐፉን ዘጋችው። እሷም እኮ ከተዘጋው በር ውጭ ቆማ ያዳመጠችባቸው ቀናት ነበሩ። ያዳመጠችው ግን ልግባ አልግባ እያለች፣ እጇን አንሥታ ሳታንኳኳ እየተመለሰች ነበር።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዛ ወደ ኑኃሚን ሄደች።

"ንጹህ ነው ብለሽኝ አልነበር?"

ኑኃሚን ደነገጠች። "ምን አገኙበት?"

"ነውርማ የለውም።" አለች ቀመሪያ። "እኔ እኮ የእንጀራ እናቷ ነኝ፣ እህቴ።"

ኑኃሚን ከወንበሯ ተነሣች። "ይቅርታ። ስለ ልጅቷ ሁሉን ጠይቄ ስለ እርስዎ ሳልጠይቅ።" ሌላ መጽሐፍ አወጣች፤ ዘንዶ ስለምታሳድግ የእረኛ ልጅ የሚያወራ። "ይሄኛው ላይ የእንጀራ እናት የለችም። ያኛውን ልቀበልዎት።"

ቀመሪያ ሁለቱንም መጻሕፍት ይዛ ቆመች። ዘንዶውን ሰጥታ ነገሩን መርሳት ትችል ነበር። ግን ከአንድ መጽሐፍ ብታመልጥ ከስንቱ ተረት ልታመልጥ ነው? ልጅቷ የእንጀራ እናት ያለችበትን ተረት አንድ ቀን የሆነ ቦታ ማግኘቷ አይቀርም። ያኔ ብቻዋን ከምታነበው ከእኔ እጅ ትቀበለው አለች።

"ሁለቱንም እወስዳለሁ።"

ቤት ስትደርስ ዝናብ ጀምሯል፤ ራኒያ የተከፈተው መስኮት ሥር ተቀምጣለች። እንደ ልማዷ እጇ ወደ ባዮሎጂው ሄደ። ቀመሪያ እንዳላየች ሆና መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አንዱ ዘንዶ ያለበት ነው። ሌላው..." ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሌላው ላይ የእንጀራ እናት አለች። ክፉ ናት። እኔ ግማሹ ላይ ተውኩት።"

ራኒያ ቀና ብላ አየቻት። "አነበቡት?"

"ለአንቺ የሚሆን መሆኑን ልይ ብዬ።"

"ለምን ተዉት ታዲያ?"

"ከፋኝ።"

ራኒያ ብድግ ብላ ክፍሏ ገባች። ቀመሪያ አበላሸሁት ብላ ቆመች። ልጅቷ ግን በሩን አልዘጋችውም። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በደብተር ወረቀት የተለበጠ አሮጌ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰችና ዘረጋችላት።

"የምደብቀው ይሄንን ነው። ከአማል የተዋስኩት።"

አማል የክፍል ጓደኛዋ ናት። ቀመሪያ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፤ የልጆች ተረቶች ናቸው። አንዱ ገጽ ላይ አፍንጫዋ የረዘመ ሴት ዱላ ይዛ አንዲት ልጅ ፊት ቆማለች።

"የእንጀራ እናት የሌለችበት ተረት የለም ማለት ይቻላል" አለች ራኒያ መሬት መሬት እያየች። "እርስዎ ካዩት ስለ እርስዎ የማነብ ይመስልዎታል ብዬ ነው። እንዳይከፋዎት።"

ቀመሪያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ደግሞ ነውር የምታነቢ መስሎኝ!"

"እኔ?" ራኒያ ዓይኗ ፈጠጠ። "ወላሂ፣ እትዬ! እኔ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች አይታወቅም። ቀመሪያ እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ ራኒያም አየችው፣ ግን አልሸሸችም።

"ከተዉበት ጀምሬ ላንብብልዎት?" አለቻት።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ቀመሪያ የደንበኛ ቀሚስ እየዘመዘመች፣ ራኒያ እግሯን አጣጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታነብላታለች። በከር ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ያዳምጥና "ይቺ ሴትዮ እስካሁን አልተቀጣችም?" እያለ ያስቃቸዋል።

የመጽሐፉ መጨረሻ ያሰቡት ዓይነት አልነበረም። ልጅቷ ወፍጮውን አሸንፋ የሰፈሩን ሰው ጥላ በጆንያ ተሸክማ ትመለሳለች። ለየባለቤቱ ስታድል ባለቤት የታጣለት የአንዲት ሕፃን ጥላ ይተርፋታል። ቤቷ ስትደርስ ያ ትንሽ ጥላ ከጆንያው ዘሎ ወርዶ የእንጀራ እናቲቱ እግር ሥር ይጋደማል። ለካስ እሷም በልጅነቷ ወደዚያው ወፍጮ ተልካ ኖሯል። ሴትዮዋ አታለቅስም፣ አትንበረከክም። ልጅቷን አይታ "ርቦሻል?" ብቻ ትላታለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ራኒያ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጣ አየች፤ የተጻፈ ነገር የለም። "እንዴ! ይቅርታ እንኳን አልጠየቀቻትም እኮ!" ቱግ አለች። "አንቺ ብትሆኚ ይቅር ትያታለሽ?"

"አንቺ" ያለችውን ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አላነሡትም። የቀመሪያ መርፌ ብቻ ለአፍታ ጨርቁ ላይ ቆመ።

"እኔ እንጃ" አለች ቀመሪያ። "ቶሎ አልላትም። ምሳዋን ግን እበላላት ነበር።"

ራኒያ ነገሩን አሰበችበት። "እኔም ለምን እንደላከችኝ የምጠይቃት ከበላሁ በኋላ ነው" አለች በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማርና ወተት ሆነ ማለት አይደለም። ራኒያ እናቷ የሞተችበት ወር ሲመጣ በሯን ዘግታ ትውላለች። ቀመሪያም ምግቧን አቅርባ፣ አንድ ጊዜ አንኳኩታ "እዚህ ነኝ" ትላትና ትተዋታለች። ደግሞ በትንሹም በትልቁም መነታረክ ጀመሩ፤ ስለ ሰሃን፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ካልሲ። በከር ጭቅጭቃቸውን ሲሰማ ጋዜጣው ጀርባ ተደብቆ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ሜክሲኮ ወረዱ። ኑኃሚን ቀመሪያን ገና በር ላይ አወቀቻት፤ ከጎኗ የቆመችውን ቀጭን ልጅም አየቻት።

"ጅብ የምትወጂው አንቺ ነሽ?"

ራኒያ ወደ ቀመሪያ ዞረች። "እንዲህ ብለሽ ነው የነገርሻት?"

"ሌላ ምን ልበል? የማውቀውን ነዋ።"

ራኒያ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ስታወጣ፣ ስታነብ፣ ስትመልስ ብዙ ቆየች። ኑኃሚን ልትረዳት ብትነሣም "ቆይ፣ ለራሴ አይደለም" አለቻት። በመጨረሻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣችና ለቀመሪያ ሰጠቻት።

"ይሄ ላንቺ ነው። አማል ጨርሳዋለች፣ ንጹህ ነው ብላኛለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያስለቅሳል።"

"ማን ሞቶ?"

"አልነግርሽም።"

"ፈረሱ እንዳይሆን ብቻ" አለች ቀመሪያ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፈረስ እያየች። "ፈረሱ ከሞተ አልጨርሰውም፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።"

ራኒያ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ውጭ ፀሐዩ ወጥቷል፤ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ የሚሄደው መንገድ በሰው ተሞልቷል። ታክሲ ሊይዙ ነበር የወጡት፤ ግን ቀመሪያ መጽሐፉን ቆማ መግለጥ ጀመረች፣ ራኒያም ክንዷን ይዛ "ነይ በእግራችን እንሂድ፣ እያነበብሽ መራመድ አትችዪም፣ እኔ አነብልሻለሁ" አለቻት።