የቁራኛው መሐላ

ፈንታሁን ከግራዝማች ዳምጤ ጋር በአንድ ሰንሰለት ከተቆራኘ ወራት አልፈዋል። እስረኛው ግራዝማች ናቸው፤ እሱ ጠባቂ ነው። ሰንሰለት ግን ማን ጠባቂ፣ ማን እስረኛ እንደሆነ አይጠይቅም። አንዱ ጫፍ የግራዝማችን ቀኝ እጅ፣ ሌላው የፈንታሁንን ግራ እጅ ይዟል። ግራዝማች ሜዳ ሲወጡ እሱም ይወጣል፤ ግራዝማች ሲገላበጡ እሱም ይነቃል። ቁራኛ ማለት ይኸው ነው። ሳያጠፋ የታሰረ ሰው ነው ብትሉም ያስኬዳል።

ግራዝማች በግዞት መቱ የመጡት ልጅ ኢያሱ ከአልጋ በወረዱበት ዓመት ነው። ለልዑሉ በወንጌል ምለው ነበርና ለአዲሱ መንግሥት አልምልም አሉ። ሌሎቹ መኳንንት ቶሎ ብለው ማሉና ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ እሳቸው ፍንክች አላሉም። ፈንታሁን በዚህ ጉዳይ ሐሳብ አልነበረውም። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ማንም አልጋ ላይ ቢወጣ፣ ማንም ቢወርድ፣ በአገሩ በዳሪሙ ቡናው በጊዜው መቅላቱን አይተውም።

አንድ የገበያ ቀን ዋቅጅራ የሚባል የዳሪሙ ማር ነጋዴ በአጥሩ በኩል ጠራው። «ያ ፈንታሁን! ኢልማ፣ ወንድ ልጅ!» አለው። ፈንታሁን ሳቀ። ግራዝማችም «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አሉት። ዋቅጅራ ግን አልሳቀም። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ብሏል፤ ሀረገወይንም ፊቱን ሳያየው እንዳይቀር ቶሎ ይምጣ ብላለች። ሀረገወይን የፈንታሁን ሚስት ናት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች።

ዳሪሙ ማልዶ ለተነሣ ሰው ሳይመሽ የሚደረስበት አገር ነው። ፈንታሁን ወዲያው የመቱው ሹም ፊታውራሪ ገብረ መድኅን ዘንድ ሄደ፤ ግራዝማችንም አስከትሎ፣ ምን ያድርግ! ምትክ እንዲሰጡት ጉልበታቸውን ስሞ ለመነ። ፊታውራሪ ወታደሩ ዘምቷል፣ የቀሩት ጥቂቶች ለቅጥሩ ጥበቃ እንኳ አይበቁም፣ ከየት አምጥቼ አሉ። እንግዲያውስ እስረኛውን ይዤ ልሂድ ቢል፣ ግራዝማች ከመቱ ንቅንቅ እንዳይሉ የመንግሥት ትእዛዝ አለ አሉት። ቀጥለው ነገሩን ፈታ አደረጉለት፦ ሰኞ ግራዝማች እንደገና ለመሐላ ይቀርባሉ፤ ከማሉ ሰንሰለቱ እዚያው ይሰበራል፤ እምቢ ካሉ ግን እሳቸውም አንተም እንደታሰራችሁ ትከርማላችሁ።

ሲመለሱ ፈንታሁን መንገድ ላይ ቆመ። እሱ ሲቆም ግራዝማችም መቆማቸው ግድ ነው።

«ጌታዬ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ፣ ይማሉልኝ።»

ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። እህል አካፍለውታል፣ ሲታመም በነጻው እጃቸው ውኃ አጠጥተውታል። ይህን ግን እምቢ አሉ።

«ፈንታሁን፣ እኔ ያለኝ አንድ አፍ ነው፤ እሱንም ለመሐላ ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛ ከየት ላምጣልህ?»

ስለ ሕፃኑ እንደሚጸልዩለት ነገሩት። ፈንታሁን በገነ። ጸሎቱንስ እሱም አላጣውም፤ ያጣው መሄጃ ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ ቁርበት እየተኙ ተኳርፈው ሰነበቱ።

ሰኞ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሕዝብ ተሰበሰበ። በዚያ ጊዜ ልማድ የመሐላውን ቃል የሚናገረው ቄሱ ነው፤ የሚምለው ሰው ቀኝ እጁን ወንጌሉ ላይ ካሳረፈ መሐላው ደረሰ ማለት ነው። መምሬ ወልደ ማርያም ወንጌሉን ዘርግተው ቃሉን ተናግረው ጨረሱ። የግራዝማች እጅ ከጭናቸው አልተነሣም። ፊታውራሪ ተስፋ ቆረጡ። ፈንታሁን ሕፃኑ ታየው፤ መልኩን ስለማያውቀው የታየው የሞቱት የሁለቱ ፊት ነበር። ግራ እጁን ወደ ወንጌሉ በኃይል ሰነዘረው፤ ሰንሰለቱ የግራዝማችን ቀኝ እጅ ጎትቶ አመጣና ሁለቱ እጆች እኩል መጽሐፉ ላይ አረፉ።

ሁሉም አየ። መምሬ ወደ ፊታውራሪ ተመለከቱ። ፊታውራሪም ዕውር አልነበሩም፤ ግን ወደ አዲስ አበባ «እምቢ አሉ» እያሉ መላክ ሰልችቷቸዋል።

«ማሉ» አሉ ፊታውራሪ።

ግራዝማች አልማልሁም ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ እልል እንዲሉ ታዘው ነበርና ድምፃቸው በእልልታው ተዋጠ። ቀጥቃጩ ሰንሰለቱን ሰበረው። ፈንታሁን ለማንም ሳይሰናበት ወደ ዳሪሙ መንገድ ገሰገሰ፤ ወታደሮች ከቅጥሩ በር ላይ መለሱት።

ፊታውራሪ አልተቆጡም። የማለ እስረኛ አዲስ አበባ ይቀርባል፤ ግራዝማች እዚያ እንደደረሱ አልማልሁም ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አይቻለሁ የሚል ሰው አብሮ መሄድ አለበት፤ ካንተ ይልቅ የቀረበ ማን አለ ብለው በለዘበ ድምፅ አስረዱት። ዛሬውኑ ይነሣሉ። መንገዱ በሁሩሙ ነው፤ ዳሪሙ በዚያ በኩል የለችም። ፈንታሁን ስለ ልጁ ሊናገር አፉን ሲከፍት ፊታውራሪ ቀደሙት።

«ወይስ እጃቸውን የሳብኸው አንተ ነህ? እሱንም ንገረኝና እንወቀው።»

ሳብሁ ካለ፣ በወንጌል የቀለደ ተብሎ ይታሰራል፤ ግራዝማችም ወደ ሰንሰለታቸው ይመለሳሉ። መምሬ ወንጌሉን እንደገና ዘረጉ፤ ግራዝማች ዳምጤ ወደው ፈቅደው መማላቸውን አይቻለሁ የሚለውን ቃል ተናገሩ። ፈንታሁን እጁን ጫነ። ማንም አልጎተተውም።

ግራዝማች የሶርን ወንዝ እስኪሻገሩ ድረስ ፊቱን አላዩትም። ዳገቱን ሲጀምሩ ግን፣ ወታደሮቹ ትንሽ ራቅ ባሉበት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

«ልጅህን ማን ልትለው አሰብህ?»

ፈንታሁን ስም አላሰበም ነበር። ለቀደሙት ለሁለቱ እሱ ራሱ ስም አውጥቶላቸው ነበርና ለዚህኛው ስም ማውጣት ፈርቷል።